ለውሻ የሚሆነው ቺዝ የትኛው ነው? ከሞዛሬላ እስከ ደረቁ ማኘኪያ

ደረቅ የውሻ ብስኩት ቤት ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ውጭ ላይ ግን አቅም ያንሰዋል። ድመት ከአጥር ሥር ብቅ ስትል ወይም ሌላ ውሻ በሩቁ ሲታይ ስም መጥራት ብቻውን አይበቃም። ውሻው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሰዓት የእኔን ዳማ ከሩጫዋ የሚመልሳት ቺዝ ነው። ከሞከርኳቸው ማባበያዎች ሁሉ እሱን የሚስተካከል አላገኘሁም።

ዳማ 12 ኪሎ የምትመዝን፣ ቀይ ቡናማ፣ አፍንጫዋን ከመሬት የማታነሳ ውሻ ናት። የተቀቀለ ዶሮ ትወዳለች፤ ለቺዝ ግን ትሞታለች። የፍሪጅ በር ሲከፈት ዝም ትላለች። የቺዝ ማሸጊያ ሲንኮሻኮሽ ግን የትም ትሁን የት፣ ከምኔው እግሬ ሥር ትገኛለች። ፍቅሯ እንዲህ ከሆነ የምሰጣትን ነገር በደንብ ማወቅ አለብኝ ብዬ ቺዞቹን አንድ በአንድ ወሰድኳቸው። መለያቸውን አነበብኩ፣ ቆራረጥኩ፣ ኪሴ ውስጥ ይዤ ወጣሁ፣ በማግስቱ ሆዷ እንዴት እንደዋለ አየሁ። እነዚህ ምግቦች የተሠሩት ለሰው ነው። ለውሻ ሲሆኑ አንዱ ግሩም ነው፣ አንዱ ጨው ይበዛበታል፣ አንዱ ደግሞ ጨርሶ ውሻ አጠገብ መድረስ የለበትም።

መጀመሪያ የሆዱን ነገር እንጨርስ። ቡችላ የእናቱን ወተት የሚፈጭበት ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው። ጡት ከተወ በኋላ ኢንዛይሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ብዙ ትልልቅ ውሾች ወተት ጠጥተው ሆዳቸው የሚነፋውና የሚያስቀምጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። ቺዝ ላይ ነገሩ ይለያል። ወተቱ ረግቶ ሲጨመቅ፣ ላክቴዝ የሚፈጨው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይወጣል። የቀረውን ደግሞ ቺዙ እየቆየ ሲሄድ ባክቴሪያዎቹ ይበሉታል። 100 ግራም ወተት ውስጥ 5 ግራም ገደማ ላክቶስ አለ። ለወራት የቆየ ቼዳር ወይም ፓርሜዛን ውስጥ ያለው ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ወተት የማይስማማው ውሻ ጠንካራ ቺዝ በትንሹ ቢበላ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ውሻ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

አንደኛ የማደርገው በቀጭን ዱላ መልክ የሚሸጠውን ሞዛሬላ ነው። በየፍሬው በፕላስቲክ የታሸገውን፣ በጣት ሲስቡት በክር በክሩ የሚላጠውን ማለቴ ነው። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሸጠው ክቡ ለስላሳ ሞዛሬላ ጨው ሊያንሰው ይችላል፤ ግን ኪስ ያረጥባል፣ ሲይዙትም ያሙለጨልጫል። ለቤት ይሁን። ለመንገድ ዱላው ነው።

የዱላው ትልቁ ጥቅም አለመፈርፈሩ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ውሻ ለሚያስተምር ሰው ግን ዋና ነገር ነው። ፍርፋሪ ሣር ውስጥ ከወደቀ ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። ዳማ ፍርፋሪውን ፍለጋ አፍንጫዋን ትቀብራለች፤ እኔን ትረሳለች። ሞዛሬላው በንጹሕ ይቆረጣል። ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ሳይሞቅ፣ ዱላውን በቁመቱ ለአራት እሰነጥቀዋለሁ። አራቱን መልሼ ገጥሜ በአግድም እከትፋቸዋለሁ። የአተር ፍሬ የሚያክሉ ቁራጮች ይወጣሉ። ከሞቀ በኋላ ከሆነ ቢላው ላይ ይለጠፋል፣ ይጨማደዳል፤ በቀዝቃዛው መቁረጥ ነው የሚሻለው።

28 ግራም የሚመዝነው ዱላ፣ ስቡ ከተቀነሰ ወተት የተሠራው፣ 80 ካሎሪ ገደማ አለው። እንደነገርኳችሁ ሲከተፍ ከ50 በላይ ቁራጭ ይሆናል። እያንዳንዷ ቁራጭ 2 ካሎሪ አትሞላም ማለት ነው። ለእኔ የሞዛሬላ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ዳማ ትልቅ ቁራጭ ስሰጣት ቆማ ታኝካለች፤ ስትጨርስ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ሄዷል። ትንሿን ስሰጣት ግን ዋጥ ታደርግና ዓይኗን ወዲያው ወደ እኔ ትመልሳለች። ሽታው በትንሹም በትልቁም ያው ነው። ደስታዋም ያው ነው።

የከተፍኩትን ዝርግ ሳህን ላይ ሳይነካካ በትኜ ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ። ሲደርቅ ወደ ዕቃ እገለብጠዋለሁ። በዚህ መንገድ እርስ በርሱ አይጣበቅም፤ ለአንድ ጉዞ የሚበቃውን ብቻ እፍኝ አድርጌ እወጣለሁ። ቁራጮቹ ትንንሽ ስለሆኑ በር ላይ ማሰሪያዋን እስካስርላት ድረስ መቅለጥ ይጀምራሉ። ከጉዞ የተረፈውን መልሼ ፍሪጅ አላስገባም። ሞቆ የዋለ የወተት ነገር ይጣላል።

ቺዙን በየቦታው አልበትነውም። ቤት ውስጥ “ተቀመጪ” ስላት የምታገኘው ከራሷ ምግብ አንድ ፍሬ ነው። ቺዝ ያለው ለ“ነይ!” እና ለጥፍር መቁረጥ ብቻ ነው። በየሰዓቱ ከተሰጠ እጅ እጅ ይላል፤ ቁም ነገር ለሚፈለግበት ሰዓት ምንም አይተርፍም። ማሰሪያዋን ፈትቼ በተከለለ ሜዳ ስለቃት፣ ጠርቻት ከመጣች አንድ ቁራጭ ሰጥቼ አላቆምም። አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ ከጨረሰች በኋላ ደግሞ “ሂጂ ተጫወቺ” ብዬ እለቃታለሁ። ስትመጣ ሁልጊዜ ከታሰረች መምጣቱን ትጠላዋለች። መጥታ ቺዝም ጨዋታም ካገኘች ግን በሚቀጥለው ስጠራት መሬት አይበቃትም።

ቼዳር ሁለተኛ ነው። ሽታው ከሞዛሬላ ይበረታል፤ በተለይ ብዙ የቆየው። ዳማ ሞዛሬላውን ችላ የምትልበት ቀን ካለ ቼዳሩን እምቢ አትልም። ችግሩ መፈርፈሩ ነው፤ ብዙ የቆየው ሲነኩት ይበተናል። ሌላው ስቡ ነው። ከቼዳር አንድ ሦስተኛው ስብ ነው፤ 100 ግራሙ 400 ካሎሪ ገደማ አለው።

ይህ ቁጥር ለውሻ ምን ማለት እንደሆነ በዳማ እናስላው። የእንስሳት ሐኪሞች ከዋናው ምግብ ውጪ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። እንዳትወልድ ኦፕራሲዮን የተደረገች፣ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያላት ባለ 12 ኪሎ ውሻ በቀን 700 ካሎሪ ገደማ ይበቃታል። 10 በመቶው 70 ነው። በቼዳር ሲለካ 17 ወይም 18 ግራም ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ አንድ ግራም ገደማ ይመዝናል። እንግዲህ ለዳማ ከ17 ኩብ በላይ የለም፤ ያውም በዚያ ቀን ሌላ ምንም ማባበያ ካልበላች። ውሻው 5 ኪሎ ከሆነ 9 ግራም ላይ ያቆማል። ለሰው ሳንድዊች የምትገባ አንዲት ስላይስ ቼዳር ብዙ ጊዜ 20 ግራምና ከዚያ በላይ ነች። ትንሽ ውሻ እሷን ሙሉ ሲጎርስ የቀኑን ድርሻ በእጥፍ አልፏል። ሰዎች “እሱማ ምንም አይበላም፣ ለምን ወፈረ?” ሲሉ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ጠረጴዛ ሥር የሚወድቀው ነው።

ኤመንታል፣ ያ ባለ ቀዳዳው፣ ሦስተኛ ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ሁሉንም ይበልጣል፤ በጨው ማነስ። 100 ግራሙ ብዙውን ጊዜ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም የለውም። ቼዳር ከ600 ያልፋል። ፌታ ወደ 1,000 ይጠጋል፣ ፓርሜዛን ከዚያም ያልፋል። ኤመንታል ይታጠፋል፣ አይፈረፈርም፣ በደንብ ይቆረጣል። ሽታው ለስለስ ያለ ስለሆነ ግን ድመት ባለችበት ቦታ አልተማመንበትም። ፌታ ለውሻ አልገዛም፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የኖረ ነገር ነው። ፓርሜዛንን የምጠቀመው በአንድ መንገድ ነው፤ ምግቧን ስታኮርፍ ላዩ ላይ በስሱ ፈቅፍቄ እበትናለሁ። አንድ ቁንጥር ይበቃል፣ ሳህኑ ይላሳል።

ኮቴጅ ቺዝ የሚሉት ነጩ እርጥብ ፍርፍር አይብ ለእጅ አይሆንም። ለሚላስ ነገር ግን የሚወዳደረው የለም። ሸካራ የጎማ ምንጣፍ ላይ አንድ ማንኪያ ስቀባ፣ ዳማ እስክትጨርስ ድረስ ጥፍሯን ረጋ ብዬ እቆርጣለሁ። ካሎሪው ትንሽ ነው፤ 100 ግራሙ 100 ካሎሪ ቢሆን ነው። ስቡም ዝቅተኛ ነው። ላክቶሱ ግን ከጠንካሮቹ ይበልጣል፤ 100 ግራም ውስጥ ከ2 እስከ 3 ግራም ይደርሳል። ሆዱ ስስ ለሆነ ውሻ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ጀምሩ። ጨው ያልተጨመረበት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

በስላይስ የሚመጣው ለስላሳው የተቀነባበረ ቺዝ ጨው ይበዛበታል። ለትምህርት አልመክረውም። ኪኒን ለማስዋጥ ግን ጎበዝ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይለጠፋል፣ ቅርጽ ይይዛል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ትንንሽ ድብልብል አዘጋጃለሁ። የመጀመሪያው ባዶ ነው፤ ትውጠዋለች። ሁለተኛው ውስጥ ኪኒኑ አለ። እሱን አፏ ላይ ሳደርስ ሦስተኛውን በሌላ እጄ አሳያታለሁ። ሦስተኛው እንዳያመልጣት ሁለተኛውን ሳታኝክ ትልከዋለች። ኪኒኑን በነካሁበት ጣት የቺዙን ውጭ አልነካም። መራራው ከተላለፈ አፍንጫዋ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ቺዝ በሙሉ የተጠረጠረ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካልሲየም ከአንዳንድ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር ይጣበቃል። ቴትራሳይክሊን ከሚባሉት ወገን የሆኑና እንደ ኢንሮፍሎክሳሲን ያሉት በቺዝ ከተዋጡ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ሊቀንስ ይችላል። ውሻው ኪኒኑን ይውጣል፣ ሕመሙ ግን ላይለቀው ይችላል። ሐኪሙ መድኃኒት ሲሰጣችሁ “በቺዝ ልስጠው?” ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ክሬም ቺዝም ለኪኒን ይሆናል። ስቡ ከቼዳር የማይተናነስ ስለሆነ ግን ቅብ ብቻ ነው። የሚያሳስበኝ ጣዕም የተጨመረበት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርት ወይም ቀጫጭን የሽንኩርት ቅጠል ያለበት ቺዝ ለውሻ አይሰጥም። እነዚህ ሁሉ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ምልክቱም ከተበላ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ዘቢብ የገባበትም አይሆንም፤ ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ይጎዳል። የምገዛው ቺዝ ወተት፣ ጨው፣ ማርጊያና ባክቴሪያ ብቻ ከሆነ ደስ ይለኛል። ኤዳምና ጎዳ ላይ ያለው ቀይ ሰምም ተልጦ ይጣል፤ በአጋጣሚ እንዳይጎረስ ቆሻሻ መጣያው ክዳን ይኑረው።

ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት ቺዝ፣ ሮክፎር፣ ጎርጎንዞላ፣ ስቲልተን፣ ለውሻ በጭራሽ። እነዚህን የሚያበስለው ፔኒሲሊየም ሮክፎርቲ የሚባል ሻጋታ ሮክፎርቲን ሲ የተባለ ነገር ያመርታል። ውሾች ይህን አይችሉትም። ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ብዙ ከበሉ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ የሚበላ ሰው ካለ ሳህኑን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አይተውት። ፍሪጅ ውስጥ ተረስቶ የሻገተ ማንኛውም ቺዝም ለውሻ አይወረወርም። “ከሚጣል ውሻው ይብላው” የሚለው ልማድ እኔን በጣም ያናድደኛል። ለእኛ ያልሆነ ሻጋታ ለእሱም አይሆንም።

ቺዝ ጨርሶ የማይሰጣቸው ውሾችም አሉ። የቆሽት ብግነት ይዞት የሚያውቅ ውሻ አንዱ ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ሚኒየቸር ሽናውዘር የሚባሉት ዝርያዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል። ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ምግብ ይጠላል፣ ሆዱን ሲነኩት ያመዋል። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ያስጠጋል፣ የኋላ አካሉን ወደ ላይ ያደርጋል። አቋሙ ለጨዋታ የሚጋብዝ ይመስላል፤ ግን ጭራው አይንቀሳቀስም፣ ዓይኑም ይደክማል። ይህን ያየ ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ውሻም በጨው ምክንያት ሐኪሙን ሳያስፈቅድ ቺዝ አይበላ። እግሩን የሚልስ፣ ጆሮው የሚያመረቅዝ፣ ቆዳው የሚያሳክከው ውሻ ካላችሁ ደግሞ የወተት ነገርን ተጠራጠሩ። የበሬ ሥጋ፣ የወተት ውጤት፣ ዶሮና ስንዴ የውሻን የምግብ አለርጂ በብዛት ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው። እዚህ ላይ ላክቶስ የለውም ማለት አያድንም፤ ጠቡ ከፕሮቲኑ ጋር ነው። ለእነዚህ ሁሉ፣ ዶሮ ካልተከለከለባቸው፣ ቆዳው ተነስቶ ያለ ጨው የተቀቀለ የዶሮ ደረት በዚያው መጠን ተከትፎ ሥራውን ይሠራል።

አሁን ለውሻ ተብለው ወደሚሸጡት። ፊቱ ላይ ትልቅ የቺዝ ሥዕል ያለበት ብስኩት ገዝቼ ነበር። ጀርባውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣው ስንዴ ነው፣ ቀጥሎ በቆሎ፣ ቺዙ በዱቄት መልክ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ስለሆነ ይህ ብዙ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ በሚሠራበት የመለያ ደንብ “ከቺዝ ጋር” የሚል የውሻ ምግብ ቢያንስ 3 በመቶ ቺዝ ሊኖረው ይገባል። “የቺዝ ጣዕም” የሚል ከሆነ ጣዕሙ መታወቁ ብቻ ይበቃል። ዳማ ብስኩቱን በላችው፤ ደረቅ ብስኩት እንደምትበላው ነው የበላችው፣ ሌላ ለውጥ የለም። መልሼ አልገዛውም። በዚያ ገንዘብ እውነተኛ ቺዝ ይገዛል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ የሚወራለት ከሂማላያ የመጣው ደረቅ ማኘኪያ ነው። ኔፓል ውስጥ ቹርፒ ይሉታል። ከያክና ከላም ወተት ይሠራል፤ ረግቶ፣ ተጨምቆ፣ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ይደርቃል። ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ነው፣ ስቡ ዝቅ ያለ ነው፣ ላክቶሱ የለም ማለት ይቻላል። ሽታው ለሰው አይታወቅም፤ እንደ ቆዳ ማኘኪያ እጅና ምንጣፍ አያበላሽም። ዳማ በሁለት የፊት እግሯ ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ ጫፉን በምራቅ እያለሰለሰች፣ በመንጋጋዋ ስትፍቀው ረጅም ሰዓት ትቆያለች። እንግዳ ሲመጣ ወይም እኔ ስብሰባ ላይ ስሆን እውነትም ያሳርፋል።

ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለው፤ ጥንካሬው። የውሻ የላይኛው መንጋጋ ላይ ሥጋ የሚሰነጥቅበት ትልቅ ጥርስ አለ። በጣም ጠንካራ ነገር በኃይል ሲነክስ ይህ ጥርስ ጎኑ ተሰንጥቆ ሊሰበር ይችላል። የጥርስ ሐኪሞች መለኪያ ቀላል ነው፤ በጥፍራችሁ ተጭናችሁት ምልክት ካልያዘ ለውሻው ጥርስ ከባድ ነው። ይህ ማኘኪያ ምንም ምልክት አልያዘም። ቀስ ብሎ የሚፍቅ ውሻ ይችለው ይሆናል። እየነከሰ የሚሰብር ውሻ ላለው ሰው ግን አልመክርም። ማንም ይሁን፣ አጥሮ በአፍ ሙሉ የሚገባ ሲሆን ውሰዱበት፤ እንዳለ ውጦት ሊታነቅ ይችላል።

የተረፈው ቁራጭ አይጣልም። ውሃ ውስጥ ጥቂት ዘፍዝፌ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ አቆየዋለሁ። ይነፋል፣ ይፈካል፣ በእጅ የሚሰበር ይሆናል። ውስጡ በጣም ስለሚሞቅ በደንብ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ይህን ስታኝክ ኩርሽም ኩርሽም ይላል፤ ዳማ ከጠንካራው ይልቅ ይሄን በደስታ ትበላለች፣ ጥርሷም አያሳስበኝም። አሁን አሁን እንዲህ ተነፍቶ በከረጢት የታሸገም ይሸጣል። ሙሉውን ደረቅ ማኘኪያ ከእንግዲህ አልገዛም፤ የተነፋውን ግን ሲያልቅ እደግመዋለሁ።